አሻንጉሊት ፕሬዚዳንት ምንድን ነው? የኒካራጓ የ1947 ታሪክ

በሕግ የአገር መሪ ሆኖ በተግባር ግን የሌላ ሰው ፈቃድ የሚያስፈጽም ሰው አሻንጉሊት ፕሬዚዳንት ይባላል። ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ፈሪ ወይም ለጥቅም ያደረ ሰው ነው። እኔ ግን ከሰውየው ጠባይ ይልቅ ጦሩ ለማን እንደሚታዘዝ ማየት ይሻላል እላለሁ። ለዚህ ከኒካራጓ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1947 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አራት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ፕሬዚዳንቶች ተፈራረቁባት። የጦሩ አዛዥ ግን ያው አንድ ሰው ነበር።

ሰውየው አናስታሲዮ ሶሞዛ ጋርሲያ ነው። ብሔራዊ ዘብ የሚባለውን ኃይል ያቋቋሙት አሜሪካኖች ናቸው። የእነሱ ወታደሮች በ1933 መጀመሪያ አገሩን ለቀው ሲወጡ አዛዥነቱ ለሶሞዛ ተሰጠ። ዘቡ ሠራዊትም ፖሊስም ነበር። ጊዜ ሲሄድ ፖስታውን፣ ቴሌግራሙን፣ ባቡሩን ሳይቀር ያዘ።

የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ሁዋን ባውቲስታ ሳካሳ ነበሩ። አባታቸው ሮቤርቶ ሳካሳም ከ1889 እስከ 1893 ፕሬዚዳንት ነበሩ። የሶሞዛ ሚስት ሳልቫዶራ ደግሞ የሮቤርቶ የልጅ ልጅ ናት። ሶሞዛ በጋብቻ ትልቅ ቤት ገባ ማለት ነው። ዝምድናው ግን አላገደውም። በ1936 የሚስቱን አጎት ከወንበሩ አወረደ፤ በ1937 መባቻ ራሱ ተቀመጠበት።

በ1944 ተማሪዎችና ሌሎች ተቃዋሚዎች አደባባይ ወጡበት። ዋሽንግተንም እንደገና እንዳይወዳደር ተጫነችው። ስለዚህ ወንበሩን ለመልቀቅ ተስማማ፣ ዘቡን ግን አልለቀቀም። አሻንጉሊት የሚፈለገው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። አምባገነን ብቻውን በነገሠበት አገር አሻንጉሊት ምን ያደርጋል? የሚያስፈልገው ሕግ ወይም የውጭ ዓይን «ውረድ» ሲል ነው።

ሶሞዛ የመረጠው ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸውን ሐኪም ሌዮናርዶ አርጉዌዮን ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ አያስቸግሩኝም ብሎ ይመስላል። በተጭበረበረ ምርጫ አሸናፊ ተባሉና ግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ ሥልጣን ያዙ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። ሽማግሌው የእውነት ፕሬዚዳንት ለመሆን ተነሡ። የዘቡን መኮንኖች ቦታ ቀያየሩ። በመጨረሻም ሶሞዛ ከአገር እንዲወጣ አዘዙ።

ድፍረታቸውን ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ትእዛዙ በሕግ ፍጹም ትክክል ነበር፤ ፕሬዚዳንት የጦር አዛዥን መሻር ይችላል። ዘቡ ግን የሚታዘዘው ለሶሞዛ ነው። 26 ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላቸው ወታደር ከበባቸው። ኮንግረሱም ተሰበሰበና ፕሬዚዳንቱ ሥራቸውን ለመምራት ብቃት የላቸውም ብሎ ወሰነ። አርጉዌዮ ሜክሲኮ ኤምባሲ ተጠለሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሜክሲኮ ውስጥ በስደት አረፉ።

በምትካቸው ቤንሃሚን ላካዮ ሳካሳ ተሾሙ። ከስማቸው መጨረሻ ያለችውን ሳካሳን ልብ በሉ። ለኒካራጓ ሰው የድሮ ፕሬዚዳንቶችን የምታስታውስ ስም ናት። መፈንቅለ መንግሥት ያደረገ ሰው ሕጋዊ ለመምሰል ከታወቀ ቤት ስም መዋሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስሙ የቆየ ሥርዓት የቀጠለ ያስመስላል። ላካዮ ሳካሳ ከአርጉዌዮ ትምህርት ወስደዋል መሰለኝ፣ ዘቡን አልነኩም። ወንበሩ ላይ የቆዩትም ሦስት ወር ለማይሞላ ጊዜ ነው። የጣላቸው ግን ሶሞዛ አልነበረም። አሜሪካ ለመንግሥታቸው ዕውቅና ከለከለች። ከውጭ ተቀባይነት ያላስገኘ አሻንጉሊት ደግሞ ለባለቤቱ አይጠቅምም።

ስለዚህ ተቀየሩ። በነሐሴ አጋማሽ ቪክቶር ማኑዌል ሮማን ኢ ሬዬስ ተሾሙ። እሳቸው የሶሞዛ የራሱ አጎት ናቸው። በ1948 ኮሚኒስቶችን የሚከለክል አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነውና ዋሽንግተን ደስ አላት። ዕውቅናውም በዚያው ዓመት ተገኘ። አጎትየው በ1950 ሥልጣን ላይ እያሉ ሞቱ። ሶሞዛ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ በ1956 ሌዮን ከተማ ውስጥ በጥይት እስኪመታም አልወረደም። ከእሱ በኋላ ሁለት ልጆቹ ተከታትለው ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ በመካከላቸውም ሌሎች ታማኞች ወንበሩን ሲያሞቁላቸው ቆዩ።

የቤቱ የመጨረሻ ሰው ሐምሌ 1979 ሲሸሽ ሥልጣኑን ለኮንግረሱ መሪ ለፍራንሲስኮ ኡርኩዮ ትቶ ሄደ። ዕቅዱ ኡርኩዮ ወዲያው የሶሞዛን ቤት ሲወጉ ለነበሩት ለሳንዲኒስታ አማፂዎች እንዲያስረክቡ ነበር። እሳቸው ግን የሥራ ዘመኔን እስከ 1981 እጨርሳለሁ አሉ። ዘቡ በዚያ ሰዓት እየፈረሰ ነበር፤ ወታደሩ ዩኒፎርሙን እያወለቀ ይበተናል። ኡርኩዮ ሁለት ቀን ሳይሞላቸው ወደ ጓቲማላ በረሩ።