ማይክ ካፕሱል ምንድን ነው? በእጅ ማይክ ውስጥስ እንዴት ይቀመጣል?

አማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜ በራስ ጣቢያ በሬዲዮ መነጋገር) የሚወድ ሰው ቶሎ በእጁ ከሚሞክራቸው ሥራዎች አንዱ የእጅ ማይክ ነው። ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ወይም የአሮጌ ስልክ እጀታ፣ የፒቲቲ ማብሪያ (ለመናገር ተጭነን የምንይዘው ቁልፍ)፣ አንድ ገመድ፣ አንዲት ካፕሱል። ዕቃው በቃ ይኸው ነው። ብየዳውም ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ችግሩ የሚመጣው ሁሉም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ማብሪያውን ተጭናችሁ ስትናገሩ ማዶ ያለው ሰው «ድምፅህ ከጀሪካን ውስጥ ነው የሚመጣው» ይላችኋል። ወይም ደግሞ «የሚንኳኳው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔንም የመጀመሪያው ማይኬ እንዲሁ አስቸግሮኛል። ሬዚስተር ቀየርኩ፣ ካፓሲተር ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሰርኪቱ ደህና ነበር። ጥፋቱ የነበረው ካፕሱሏ በተያዘችበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ነገር በደንብ ማውራት የፈለግሁትም ለዚሁ ነው።

ካፕሱል የምንላት ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይረውን ትንሿን ክብ ቆርቆሮ ነው። በወኪ ቶኪና በጆሮ ማዳመጫ ገመድ ላይ የምናገኛት ዓይነት ኤሌክትሬት ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር የሠሯት ናት። ብዙ ጊዜ የምትሸጠው 9.7 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ናት። ከፊቷ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው በስተጀርባ ከፀጉር የቀጠነ ሽፋን ተወጥሯል። ከሽፋኑ ጀርባ ደግሞ አንዲት የብረት ሳህን አለች። ከሁለቱ በአንዱ ላይ በቀላሉ የማይጠፋ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ታስሮ ቀርቷል። ስትናገሩ ሽፋኑ ይርገበገባል፤ በእሱና በሳህኗ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል፤ ቮልቴጁም አብሮ ይለዋወጣል። ይህ ምልክት በጣም ደካማ ስለሆነ እዚያው ቆርቆሮው ውስጥ ትራንዚስተር ተቀምጦለታል። ባትሪ ወይም የሬዲዮው ቮልቴጅ የሚያስፈልጋት ለዚህ ትራንዚስተር ነው። 5 ቮልት በ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ቢደርሳት ትሠራለች። የምትወስደው ከግማሽ ሚሊ አምፔር አይበልጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሽፋኑ ሲርገበገብ ንፋስ ይምታው ሳጥኑ ይንቀጥቀጥ ለይቶ አያውቅም። ጣታችሁ ፕላስቲኩ ላይ ሲንሸራተት፣ ማብሪያው ቀጭ ሲል፣ ንዝረቱ በሳጥኑ ግድግዳ ሄዶ ቆርቆሮውን ያንቀሳቅሳል። ቆርቆሮው ሲንቀሳቀስ ሽፋኑ ወደኋላ ይቀራል። ለካፕሱሏ ይህም እንደ ድምፅ ነው። ስለዚህ ካፕሱልን እንደ ሌላው ዕቃ ጥርቅም አድርጎ ከሳጥኑ ጋር ማጣበቅ ስህተት ነው። ለስላሳ ነገር መሃል መግባት አለባት።

ለዚህ ከሞከርኳቸው ሁሉ የምወደው የብስክሌት ከመነዳሪ ነው። ቀጭን አድርጋችሁ ቁረጡና ካፕሱሏን አንድ ወይም ሁለት ዙር ጠቅልሏት። ከዚያ ለእሷ በተበጀው ክብ ቦታ ውስጥ ግፏት። እጅግ መጨናነቅ የለባትም፤ ጎማው ከተጨፈለቀ ንዝረቱን ያስተላልፈዋል። መላላትም የለባትም።

ሁለተኛው ጉዳይ አየር ነው፤ የጀሪካኑ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ካፕሱሏ ከሳጥኑ የፊት ግድግዳ ርቃ ከተንጠለጠለች የምትሰማው እናንተን ብቻ አይደለም። ድምፃችሁ በቀዳዳው ገብቶ ሳጥኑን ይሞላል፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይማታል፤ ከዚያ ነው እሷ ጋ የሚደርሰው። በሬዲዮ የሚተላለፈው የንግግር ድምፅ ከ300 እስከ 3000 ኸርዝ ገደማ ነው። የትንሽ ሳጥን ማስተጋባት ብዙ ጊዜ እዚሁ መሃል ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። የካፕሱሏን ፊት ከግድግዳው ጋር አስጠጉ፤ በመካከል የጎማ ቀለበት አድርጉ፤ ከፊቷ ትይዩ ግድግዳው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይኑር። ድምፅ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ብቻ ይሁን። የሳጥኑን ባዶ ቦታ ስፖንጅ ብትሞሉት ደግሞ የተሻለ ነው።

ሙጫ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሱፐር ግሉ ካፕሱል አጠገብ ባይደርስ ይሻላል። ሲደርቅ የሚወጣው እንፋሎት ነጭ ቅሪት ይተዋል፤ በቀዳዳው ከገባ ሽፋኑን ያበላሻል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮንም አለ። እሱ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳቡን ይበላል። በሙቀት የሚቀልጠው ሙጫ ይሻላል፤ ግን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ይለሰልሳል።

ገመዶቹን ካፕሱሏ ቦታዋ ከመግባቷ በፊት በይዱ። ካውያው ከሁለት ሰከንድ በላይ አይቆይባት፤ ሙቀት ቻርጁንም ፕላስቲኩንም ይጎዳል። ከጀርባዋ ካሉት ሁለት ነጥቦች ከቆርቆሮው ጋር የተገናኘው ኔጌቲቩ ነው። በመልቲሜትር ለክታችሁ አረጋግጡ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል እግሩ ያጠረ የ100 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር አድርጉ። የገዛ ሬዲዮአችሁ የሚያሰራጨው ሞገድ ትራንዚስተሩ ውስጥ ገብቶ እንዳያጉረመርም ይረዳል። ገመዱም በሽቦ መረብ የተሸፈነው ዓይነት ይሁን።

አሁን የሚቀረው ገመዱ ነው። ብዙ የእጅ ማይክ የሚሞተው እዚህ ነው። ገመዱ ሲጎተት ሸክሙ ብየዳው ላይ ካረፈ አንድ ቀን ይነቀላል፤ አንዳንዴም የካፕሱሏን ነጥብ ይዞ ይነሳል። ወፍራሙን ገመድ መግቢያው ላይ ከውስጥ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሩት፤ ወይም ቋጠሮ አብጁለት። ከዚያ ወደ ካፕሱሏ የሚሄዱት ቀጫጭን ሽቦዎች ረገብ ብለው ይቀመጡ። ሬዚስተሩና ካፓሲተሩም በሽቦ ላይ አይንጠልጠሉ፤ ትንሽ ቁራጭ ቦርድ ላይ በይዷቸውና ቦርዱን በብሎን ያዙት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሲግናሉ ጠንካራ ሲሆን የማይክ ጉድለት ይታለፋል። ሲደክም ግን እያንዳንዱ ፊደል ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ ካለው የክበብ ጣቢያ፣ ከኢቲ 3 ኤኤ (የጣቢያው መጠሪያ ነው)፣ የሚነሳን ጥሪ ሌላ አህጉር ላይ ሆኖ በጫጫታ መሃል የሚያዳምጥ ሰው አለ። ያ ሰው ስማችሁን በትክክል መስማት ይፈልጋል።

ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ታዲያ ገመዱን በሁለት ጣት ያዙና ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ካልተወጠሩ፣ ካፕሱሏም ከቦታዋ ንቅንቅ ካላለች፣ ብሎኑን አጥብቁ።