ሊም ካይኔዝ 1፦ የሕዋስ አጽም ተቆጣጣሪ

ሊም ካይኔዝ 1 በሰው ሕዋስ ውስጥ አክቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራው አጽም ያለጊዜው እንዳይፈርስ የሚጠብቅ ኢንዛይም ነው። 647 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ጂኑ በ7ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ ይገኛል። «ሊም» የሚለው ስም ሊን-11፣ አይስል-1 እና ሜክ-3 ከተባሉ ሦስት ፕሮቲኖች የመጀመሪያ ፊደላት የተሰበሰበ ነው። ይህን ያጠናቀርኩት ደብረ ብርሃን ላይ ባዮሎጂ ለሚማሩ ልጆቻችን በአማርኛ የሚነበብ ነገር እንዲኖር ነው።

አክቲን ክር ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተቀጣጠሉ በድርብ ይገመዳሉ። መንዝ ውስጥ እናቶች የበግ ፀጉር ሲፈትሉ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ እንዝርቱ በሾረ ቁጥር ከእጃቸው ያለው ፀጉር እየተሳበ ክሩ ይረዝማል፤ ኋላም ባና ሆኖ ይሸመናል። ልዩነቱ ሕዋስ የፈተለውን ሳይውል ሳያድር መልሶ መፍታቱ ነው፤ የሚራመደውም ከፊት እየፈተለ ከኋላ እየፈታ ነው። ያረጀውን ክር የሚቆርጠው ኮፊሊን የተባለ ፕሮቲን ነው። ሊም ካይኔዝ 1 በኮፊሊን 3ኛ አሚኖ አሲድ፣ በሴሪን ላይ፣ አንድ ፎስፌት (የፎስፈረስና የኦክስጅን ቅንጣት) ይለጥፋል፤ ያ ፎስፌት እስካለበት ድረስ ኮፊሊን አክቲንን መያዝ ይሳነዋል፤ ስለዚህ ክሩን አይቆርጠውም። ሊም ካይኔዝ 1ን ራሱን የሚያነቁት ሮክ እና ፓክ የተባሉ ሌሎች ኢንዛይሞች ሲሆኑ፣ 508ኛው አሚኖ አሲዱ ላይ ፎስፌት ያኖሩበታል።

ጃፓናዊው ኬንሳኩ ሚዙኖና ባልደረቦቹ ጂኑን እ.ኤ.አ. በ1994 አሳወቁ። ትልቁ ዓመት ግን 1998 ነው፦ የእነሱ ቡድንና አንድ የስዊዘርላንድ ቡድን ኮፊሊን የኢንዛይሙ ዒላማ መሆኑን በኔቸር መጽሔት በየፊናቸው አሳዩ። በ2002 ደግሞ ፎስፌቱን ከኮፊሊን ላይ የሚያነሳው ስሊንግሾት የተባለ ኢንዛይም ተገኘ፤ ትርጉሙ ወንጭፍ ነው፣ ማሳ ጠባቂ ላደገበት አገር የማይረሳ ስም። ሊም ካይኔዝ 1 ራሱ ሊም ካይኔዝ 2 የተባለ ወንድምም አለው።

የሊም ካይኔዝ 1 ጂን ከዊሊያምስ ሲንድረም ጋር ይነሳል፤ በዚህ ሕመም ከአንደኛው 7ኛ ክሮሞሶም ላይ 26 ያህል ጂኖች አብረው ይጎድላሉ። በ1996 የወጣ ጥናት ሕሙማኑ ኩቦችን በሥዕል አምሳል መገጣጠም የሚቸገሩት በዚህ ጂን መጉደል ነው ብሎ ነበር። ቆይቶ ግን ጂኑ ጎድሎባቸው ይህ ችግር የሌለባቸው ሰዎች ተገኙ። ስለዚህ ጥፋቱን ለአንድ ጂን ብቻ መስጠት አይቻልም ባይ ነኝ። ኢንዛይሙ ግን ለአንጎል እንደሚያስፈልግ አያጠራጥርም፦ ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች በነርቭ ሕዋሶቻቸው ላይ ያሉት፣ ከሌሎች ሕዋሶች መልእክት የሚቀበሉት ጥቃቅን እሾህ መሰል ጉጦች ቅርጻቸው ተዛብቶ ተገኝቷል።