የላብራቶሪ ውጤት፦ የሚነገረውና እውነታው

«ደሙ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ውጤቱ ይወጣል፣ በቃ።»

ብዙው ስህተት የሚፈጠረው ደሙ ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ፖታሲየም የተባለውን የደም ማዕድን እንውሰድ። ከሴረሙ (ከደሙ ፈሳሽ ክፍል) ይልቅ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ እጅግ ይበዛል። ደም ሲቀዳ ካስቸገረ ወይም ቲዩቡ በኃይል ከተናጠ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ፖታሲየሙም ይፈሳል። ደሙ በሚያሽከረክር ማሽን (ሴንትሪፉጅ) ሲለይ ቢጫ መሆን የነበረበት ሴረም ቀልቶ ይታያል። ማሽኑ ያገኘውን ይለካል፦ ከ5 እምብዛም ማለፍ የሌለበት ቁጥር 6.8 ሆኖ ይወጣል። ይህ ልብን የሚያሰጋ መጠን ነው። ሐኪሙ ይህን አምኖ መድኃኒት ቢያዝ የሚጎዳው ፖታሲየሙ ደህና የነበረው ታካሚ ነው። ስለዚህ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ያለን ሰዎች ናሙናውን አንቀበልም፣ እንደገና ይቀዳ እንላለን። «ደሜን ጨረሳችሁት!» ብሎ የሚቆጣ አለ። እውነቱን ነው፣ መርፌ ያማል። ግን ድጋሚ የምንቀዳው ለእሱ ብለን ነው።

ስኳርም እንዲሁ ነው። ቲዩብ ውስጥ ያሉት ሴሎች ስኳር መጠቀማቸውን አያቆሙም። ሴረሙ ከሴሎቹ ሳይለይ ደሙ በክፍል ሙቀት ከቆየ ስኳሩ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል።

«ሳይበሉ ይምጡ ከተባለ ውሃም ክልክል ነው።»

አይደለም። ለጠዋት የስኳር ምርመራ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከምግብ ይታቀቡ፣ ውሃ ግን ይጠጡ። ቡናና ሻይ፣ ያለ ስኳርም ቢሆን፣ ይቆዩ።

«ክሬቲኒኔ ኖርማል ነው፣ ኩላሊቴ ደህና ነው።»

ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው። ኩላሊት ግማሽ አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ክሬቲኒን ኖርማል ሊሆን ይችላል። ጡንቻቸው በሳሳ አዛውንቶች ላይ ደግሞ ይበልጥ ያታልላል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብዎ ሐኪምዎን ከክሬቲኒን፣ ከዕድሜና ከፆታ የሚሰላውን የኩላሊት አቅምና የሽንት አልቡሚን (ፕሮቲን) ምርመራ ይጠይቁ።

«ቁጥሬ ከኖርማሉ ወጥቷል፣ ታምሜያለሁ።»

የግድ አይደለም። ኖርማል የሚባለው ክልል አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከጤነኞች መካከለኛው 95 በመቶ ነው። ከ20 ጤነኞች አንዱ ከክልሉ ውጭ ይሆናል።

«ለንደን 7 የነበረው ስኳሬ አዲስ አበባ 126 ገባ!»

አልጨመረም። እዚያ የሚለካው በሚሊሞል፣ እዚህ በሚሊግራም ነው። 7ን በ18 ያባዙት፣ 126 ይመጣል። ግን ሳይበሉ የተለካ ከሆነ 7ም ሆነ 126 የስኳር በሽታ መነሻ ቁጥር ነውና በየትኛውም አገር ለሐኪም ያሳዩት።