ስፔስ ትርጉም ሲቀይር፦ በአር ኮድ አጻጻፍ ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች

አር ለስታቲስቲክስ ሥራ የተፈጠረ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ስለ ኮዱ አጻጻፍ ወሬ ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። ከነሱ አንዱ ውጤት ሊያበላሽ ይችላል፤ በሱ ልጀምር።

«አጻጻፍ ለዓይን ነው፤ ኮምፒውተሩ ግድ የለውም።»

አለው እንጂ! የዓመቱን የሙቀት መለኪያ «ሙቀት» በሚባል ተለዋዋጭ (መረጃ የምናስቀምጥበት ስም) ይዘናል እንበል። አዳዲሶቹ የአር እትሞች በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላሉ። ከዜሮ በታች ከ3 ዲግሪ የወረደ ቀን መኖሩን ለማየት እንዲህ እንጽፋለን፦

ሙቀት < -3

ስፔሱን ብንረሳውስ?

ሙቀት<-3

ጥያቄው ጠፋ። ሁለቱ ምልክቶች ስለተጣበቁ አር አሁን የሚያየው ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት ነው። ቀስት ደግሞ «በሙቀት ውስጥ 3ን አስቀምጥ» ማለት ነው። የዓመቱ መረጃ ሄዶ አንዲት 3 ብቻ ትቀራለች። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። በ«ኢፍ» (ሁኔታ በሚፈትሸው ትእዛዝ) ቅንፍ ውስጥ ብንጽፈው እንኳ ዝም ብሎ ያልፋል፤ 3 ዜሮ ስላልሆነች እንደ እውነት ትቆጠራለች። ከታች ያለው ስሌት ሁሉ በተሳሳተ ቁጥር ይቀጥላል። በምልክቶች ግራና ቀኝ ስፔስ ተዉ የሚባለው ለዚህ ነው።

«እንግዲያው ቀስቱን ትተን በእኩል ምልክት ብቻ እንጻፍ።»

ይቻላል። እኩል ምልክት ለዚህ ሥራ የተፈቀደው በ2001 በወጣው 1.4.0 እትም ነው፤ በአብዛኛው ቦታም ሁለቱ አንድ ናቸው። ፋንክሽን (ግብዓት ተቀብሎ አንድ ሥራ የሚሠራ ኮድ) ስንጠራ ግን ቅንፉ ውስጥ ይለያያሉ። እኩል ምልክት ለፋንክሽኑ ግብዓት ይሰጣል፣ ቀስት ግን አዲስ ተለዋዋጭ ይፈጥራል። እኔ ሁለቱን ሥራዎች በዓይን ለመለየት ስለሚረዳኝ ቀስቱን እመርጣለሁ። የአር ኮድ በሚጻፍበት ፕሮግራም፣ በአርስቱዲዮ፣ ኦልትንና የሰረዝ ቁልፍን አንድ ላይ ከተጫናችሁ ቀስቱ ከነስፔሱ ይመጣል።

«በስም ውስጥ ነጥብ የሚጠቀም ሰው አር አልገባውም።»

ፓይተን ከሚባለው ሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚመጡ ሰዎች ነጥብ ሲያዩ ይደነግጣሉ። በአር ነጥብ እንደማንኛውም ፊደል የስም አካል ነው። ታሪክም አለው። በድሮዎቹ እትሞች አንደርስኮር (_) ራሱ እንደ ቀስቱ እሴት ማስቀመጫ ነበር። በስም ውስጥ የተፈቀደው ገና በ2004፣ በ1.9.0 እትም ነው። ስለዚህ የድሮ ፋንክሽኖች በነጥብ ቢሞሉ አይገርምም። ዛሬ ግን ለአዲስ ስም አንደርስኮር ይሻላል፤ አር የፋንክሽንን ስም ከዳታው ዓይነት ጋር የሚያያይዘው በነጥብ ስለሆነ ሊያምታታ ይችላል።

«አንድ ይፋዊ ሕግ አለ።»

የለም። ታይዲቨርስ የተባለው የአር ፓኬጆች (ተጨማሪ የኮድ ጥቅሎች) ስብስብ መመሪያ በስም ውስጥ አንደርስኮርን፣ በመስመር መጀመሪያ ሁለት ስፔስ ገባ ማለትን ይመክራል። የባዮሎጂ መረጃ ፓኬጆች ስብስብ የሆነው ባዮኮንዳክተር አራት ስፔስ ይላል። ጉግል ከታይዲቨርስ ተነስቶ የፋንክሽን ስሞችን በካፒታል ፊደል ያስጀምራል። የምትሠሩበት ቡድን የያዘውን ያዙ፣ በቃ።

«ስታይለር ካለ ምን አስጨነቀን?»

ስታይለር ኮድን በራሱ የሚያስተካክል ፓኬጅ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ያቺን ስፔስ የተረሳባትን የሙቀት መስመር ስጡትና እዩ። ያሰባችሁትን ስለማያውቅ ስፔሱን አስተካክሎ «ሙቀት <- 3» ብሎ ይመልስላችኋል።