የአፍንጫ ጫፍ ዳግም ቀዶ ጥገና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ሰልካካ አፍንጫ» በእኛ ዘንድ የቁንጅና መለኪያ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ አፍንጫውን አሠርቶ ጫፉ እንዳሰበው ያልቀጠነለት ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ቢያዝን አይደንቀኝም። የሚያሳስበኝ ወደ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና የሚያስቸኩሉት የተሳሳቱ እምነቶች ናቸው።

«ስድስት ወር ሞላኝ፤ ከእንግዲህ አይለወጥም።»
ይለወጣል። እብጠት በመጨረሻ የሚለቀው ጫፉን ነው። ለዚህም አንድ ዓመት ገደማ፣ ቆዳው ወፍራም ለሆነ ሰው ደግሞ 18 ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ጫፉ ጠዋት ወፈር፣ ማታ ቀጠን የሚል ከሆነ እብጠቱ ገና አልወጣም። ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ አንድ ዓመት ጠብቁ የሚሉት ጠባሳው እስኪለሰልስ ጭምር ነው። አንዳንዴ በሐኪም እጅ የሚሰጥ አነስተኛ የስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ ብቻውን ይበቃል።

«ትንሽ ቢቆረጥልኝ ይቀጥናል።»
ብዙ አፍንጫ የተበላሸው በዚህ እምነት ነው። ጫፉን የያዘው ልም አጥንት ነው፤ ቆዳው በእርሱ ላይ እንደ ድንኳን ሸራ ተወጥሯል። ምሰሶው ሲያጥር ሸራው ይረግባል እንጂ አይሾልም። ከልክ በላይ የተቆረጠ ጫፍ ይቆነጠጣል፤ ትንፋሽም ያጥራል። አንዱን ቀዳዳ በጣትዎ ሳይጫኑ ዘግተው በሌላው ወደ ውስጥ ይተንፍሱ፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ከተጣበቀ ድጋፉ ደክሟል፣ ለሐኪሙ ይንገሩ። ስለዚህ ዳግም ቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ መቀነስ ሳይሆን መገንባት ነው። የአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ልም አጥንት በመጀመሪያው ካለቀ፣ ከጆሮ ወይም ከጎድን ይወሰዳል። የጎድኑ ደረት ላይ ሌላ ጠባሳ ይተዋል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ የታካሚው መብት ነው።

«ሁለተኛው ይቀላል።»
ይከብዳል። ሐኪሙ የሚገባው በጠባሳ መካከል ነው፤ የጫፉ የደም ዝውውርም አንዴ ተነክቷል። የሚያጨስ ሰው ሳምንታት አስቀድሞ ያቁም።

«ፊለር ይተካዋል።»
ፊለር፣ ማለትም ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚገባ መሙያ፣ ይሞላል እንጂ አያቀጥንም። ቀዶ ጥገና በተደረገለት አፍንጫ ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል፦ የደም ሥር ከዘጋ ቆዳ ሊሞት፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል።

«ሰልፊ ላይ ትልቅ ነው።»
በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሰላው ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ሰልፊ የአፍንጫን ስፋት ከ1.5 ሜትር ከተነሣው ፎቶግራፍ በ30 በመቶ ገደማ ያጋንነዋል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ሌላ ሰው ራቅ ብሎ ያነሣዎትን ፎቶግራፍና የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና ዝርዝር ሰነድ ይያዙ።