የስኳር «ሃኒሙን» ምንድን ነው?

ልጄ ስኳር ሲገኝባት አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ውኃ ውኃ ስትል ነበር የምትውለው። አልጋ ላይ መሽናት ካቆመች ዓመት አልፏት እንደገና ጀመረች። «ብርድ ነው» አልን። ስትከሳ ደግሞ «ቁመት እየጨመረች ነው» አልን። ሆስፒታል ስንደርስ እንደሮጠ ሰው ቁና ቁና ትተነፍስ ነበር። የደም ስኳር መለኪያው ቁጥር አላወጣም፤ «ሃይ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ አሳየን። ሰላም ያለኝ ነው የመሰለኝ። ለካ ብዙዎቹ መለኪያዎች ስኳሩ ከ600 ሲያልፍ እንዲህ ነው የሚሉት።

ያንን ሳምንት አልተርክም። ማውራት የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

ከሆስፒታል ስንወጣ በቀን 12 ዩኒት ኢንሱሊን (ስኳሩን የሚያወርደው መርፌ) ታዘዘላት፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ስኳሯ መውረድ ጀመረ። 12ቱ ወደ 9 ተቀነሰ፣ ከዚያ ወደ 5። አንድ ጠዋት ስለካት 62 ሆነ። ላብ በላብ ሆና ትነጫነጫለች። ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣኋትና ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሜ ለካሁ። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ «ቁርስ እስኪደርስ» አይባልም።

እናቴ ግን የመርፌውን መቀነስ ስትሰማ እልል አለች። «ድናለች እኮ! ስለቴ ሰመረ!» እውነቱን ልናገር፣ እኔም በሆዴ እልል ብያለሁ።

በቀጠሯችን ቀን ለሲስተር ነገርኳት። መዝገቡን አየችና «አይ እናቷ፣ ይሄ ሃኒሙን ነው። አልዳነችም» አለችኝ።

ሃኒሙን ያው ጫጉላ ነው። ሙሽሮቹ ሥራ ሳይነኩ የሚቆዩባት፣ ኑሮው ገና ያልጀመረባት ጊዜ። ስሙን ያወጣው ሰው ትንሽ ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይነት አንድ የሚባለው ስኳር የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን አምራች ሕዋሳት ሲያጠፋ ነው። ከረሜላ ስለበዛ አይደለም። እናት በእርግዝና ጊዜ ስለበላችው ነገርም አይደለም። (ይህን ለጎረቤቶቼ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው።) ሕመሙ በሚታወቅበት ቀን ግን ሁሉም ሕዋሳት አልሞቱም። የተረፉ አሉ። በከፍተኛው ስኳር ተመትተው ስለደነዘዙ ነው ሥራ ያቆሙት። ኢንሱሊን በመርፌ ሲገባ ስኳሩ ይወርዳል፣ እነሱም ያርፋሉ፣ ነቅተውም እንደገና ማምረት ይጀምራሉ። ሰውነትም የሚገባለትን ኢንሱሊን በደንብ መጠቀም ይጀምራል። ስለዚህ ከውጭ የሚያስፈልገው ያንሳል።

ሐኪሞች ልጁ ሃኒሙን ላይ ነው የሚሉት ብዙውን ጊዜ ስኳሩ ተስተካክሎ እያለ የሚወስደው ኢንሱሊን በቀን በኪሎ ከግማሽ ዩኒት በታች ሲሆን ነው። ልጄ 15 ኪሎ ነበረች። በእሷ ሂሳብ ከ7 ተኩል በታች መሆኑ ነው። 5 ላይ ስንደርስ ጫጉላ ቤት ገብተናል ማለት ነው።

ሁሉም ልጅ አያገኘውም። ሕመሙ ሲታወቅ ደሙ በኬቶን አሲድ (ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ ነው) ተመርዞ የገባ ልጅ የማግኘት ዕድሉ ያንሳል። ትንንሾቹ ላይ ደግሞ ቶሎ ያልፋል። ጥቂት ሳምንት የሚቆይ አለ፣ ዓመት የሚሞላውም አለ። ማለቁ ግን አይቀርም፤ የመከላከያው ጥቃት አልቆመማ።

እኛ ሀገር ላይ አደገኛ የሚሆነውም እዚህ ጋ ነው። ሕመሙ እንደተሰማ ሁሉም የየራሱን መድኃኒት ይዞ ይመጣል። አንዱ አብሽ፣ አንዱ የሽፈራው ቅጠል፣ አንዱ ጠበል። ስድስት ሳምንት ቆይቶ ስኳሩ በሃኒሙኑ ምክንያት ሲወርድ ምስጋናውን የሚወስደው የመጨረሻው መድኃኒት ነው። «በቃ መርፌውን ተዪው» ይባላል። መርፌው ሙሉ በሙሉ ሲቆም የተረፉት ሕዋሳት ብቻቸውን አይችሉም። ልጁ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ በረጅሙና በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ትንፋሹም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ብዙ ጊዜ ወባ ወይም ታይፎይድ ይመስላል። እንዲህ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። መጠኑን ሐኪም ይቀንሳል፤ ማቆም ግን የለም።

እኔ ጠበል አልከለከልኩም። እናቴ ወስዳታለች። ጠበልና መርፌ አይጣሉም። የሚጣሉት ባዶ ሆድና መርፌ ናቸው። ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው፤ ኢንሱሊን የተወጋች ልጅ ደግሞ ቁርስ ሳትበላ ሦስት ሰዓት ተሰልፋ ልትቆም አትችልም። ስለዚህ ከእናቴ ጋር ተደራደርን። መርፌና ቁርስ ከጠበል ከተመለስን በኋላ፣ መለኪያውንና ስኳሩን በቦርሳ ይዘን።

ከሁሉም በላይ የተማርኩት በዚያ በሃኒሙኑ ጊዜ ነው። ቁጥሮቹ ብዙም ስለማይዘሉ ሰው ፋታ ያገኛል። እንጀራ ስንት ያወጣዋል፣ ሩዝ ስንት፣ ሩጫ ስንት ያወርደዋል። ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ጣቷን ሳትነቃ መውጋት ቻልኩ።

ሰባተኛው ወር ላይ ጉንፋን ያዛት። በጉንፋን ጊዜ ስኳር መጨመሩ ያለ ነው። ጉንፋኑ ሄደ፤ ስኳሩ ግን አልተመለሰም። 240፣ 280፣ 310። ምግቧ አልተለወጠም። እኔ ግን ጥፋተኛ ፍለጋ ገባሁ። ለእናቴ ደወልኩና «ከረሜላ ሰጥተሻታል!» አልኳት። በማርያም ማለች። አላመንኳትም።

«ሃኒሙኑ አለቀ በቃ» አለች ሲስተር፣ በጣም ቀለል አድርጋ። «ማንም ምንም አላጠፋም።» መጠኑ ወደ 11 ተመለሰ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሆስፒታል ከገባንበት ቀን ይልቅ ያን ቀን ነው የከፋኝ። ያኔ ድንጋጤው ስለያዘኝ ለማልቀስም ጊዜ አልነበረኝም።

ቅዳሜ አንድ ኪሎ ቡና ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። «ከረሜላ አልሰጠሽም» አልኳት። «ነግሬሽ ነበር» አለች፤ ከዚያ በላይ አላነሳችውም። በማግስቱ ጠዋት ስነቃ መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ጋ ቆማለች። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በሁለት መዳፏ መሀል እያንከባለለች፣ እንዳሳየኋት። ሲሪንጁ ላይ ሰባተኛዋን መስመር ትፈልጋለች።