ጊዜን በጥብቅ ስለ መያዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የበጀት ዓመት በየዓመቱ ሰኔ 30 ቀን እንደሚዘጋ የማያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ የለም። እንዲያም ሆኖ ሚያዝያ ላይ መወራረድ የነበረበት የውሎ አበል ሰነድ ሰኔ 26 ቀን ከመሳቢያ ይወጣል፤ ፊርማ የጎደለው የክፍያ ማዘዣ የሚታወሰው ፈራሚው መስክ ከወጣ በኋላ ነው፤ መጨረሻ ላይም ቅዳሜና እሑድ ቢሮ እየገባን የሦስት ወር ሥራ በአራት ቀን ለመጨረስ እንጣደፋለን። በዚህ ሙያ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይህን ግርግር ለረጅም ጊዜ የስንፍና ውጤት አድርጌ ስቆጥር፣ ራሴንም በዚሁ ስወቅስ ኖሬአለሁ። አሁን እንደዚያ አላምንም። አብዛኛው መዘግየት የሚመጣው ሥራው ስለሚፈጀው ጊዜ ካለን የተሳሳተ ግምት ነው፤ የሚሰጠን ምክር ደግሞ ግምቱን ሳይነካ «ፍጠን» ብቻ የሚል በመሆኑ ነገሩን ሲያባብሰው አይቻለሁ። ቀጥሎ የማነሣቸው አመለካከቶች ከሥራ ባልደረቦቼ የሰማኋቸውና ራሴም ስደጋግማቸው የኖርኩ ናቸው።

«የሐበሻ ቀጠሮ ነው፤ በደማችን ያለ ነገር ነው»

ለ3 ሰዓት የተጠራ ስብሰባ ላይ 3 ሰዓት ከ40 የሚደርሰው ሰው ወደ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ሌሊት 11 ሰዓት ሳይሞላ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ተራ ይገኛል። ከቦሌ የሚበር ከሆነማ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፤ ቤተሰቡም ከዋዜማው ጀምሮ «እንዳታረፍድ» እያለ ያጨናንቀዋል። በረመዳን የማፍጠሪያዋን ደቂቃ የሚዘነጋ ጾመኛ አላየሁም። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖረው ወገናችንም ሳምንቱን ሙሉ ፈረቃውን በደቂቃ አክብሮ ሲሠራ ሰንብቶ፣ ቅዳሜ ማታ ሰርግ ሲጠራ ግን በጥሪ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ልብስ መተኮስ የሚጀመርበት አድርጎ ይወስደዋል። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም የሚያደርግ ከሆነ ነገሩ የደም ሊሆን አይችልም።

ልዩነቱ ያለው ማርፈድ በሚያስከፍለው ዋጋ ላይ ነው። አውቶቡሱ ጥሎ ይሄዳል፤ ስብሰባው ግን ይጠብቃል። እንዲያውም በስብሰባ የሚቀጣው በሰዓቱ የተገኘው ሰው ነው፤ ባዶ ወንበሮችን እያየ አርባ ደቂቃ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ትምህርት አግኝቶ እሱም ያረፍዳል። በእኛ ክፍል ይህን የለወጡት ኃላፊ በመጀመሪያው ሳምንት አጀንዳውን ለሁለት ሰው አነበቡ፤ አርፍደው ለገቡትም ያለፈውን አልደገሙላቸውም። ብዙዎች አኮረፉ። በአራተኛው ሳምንት ግን በሩ 3 ሰዓት ከ5 ላይ ሲዘጋ ውጭ የቀረ ሰው አልነበረም።

«ይህ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አውቃለሁ»

አናውቅም፤ የምናውቀው አንድም እንቅፋት ባይገጥመን ሊፈጅ የሚችለውን ነው። ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ለዚህ ዝንባሌ ስም አውጥተውለታል፤ ሰው የራሱን ሥራ ሲያቅድ ከዚህ በፊት የሠራቸው ተመሳሳይ ሥራዎች ስንት እንደፈጁ ትቶ አሁን በሐሳቡ የሚታየውን ቀና መንገድ ብቻ ይለካል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሌላ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በማገባደድ ላይ የነበሩ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠይቀው በአማካይ 34 ቀን ያህል ገመቱ። ሁሉም ነገር ቢበላሽባችሁስ ሲባሉ ወደ 49 ቀን ከፍ አደረጉት። በተግባር የፈጀባቸው ግን በአማካይ ከ55 ቀን በላይ ነው። የከፋውን አስበው እንኳ በቂ አላሰቡም ማለት ነው። ነገሩ በተማሪ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል የተባለው የሲድኒ ኦፔራ ቤት በመሐንዲስና በሒሳብ ባለሙያ ተከቦ እያለ የተመረቀው በ1973 ነው፤ ወጪውም 102 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ በአንድ ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ በግራ «የገመትኩት»፣ በቀኝ «የፈጀው» ብዬ ጻፍኩበት። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ግምቴን፣ ስጨርስ እውነቱን እያሰፈርኩ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፦ ግምት 1 ሰዓት፣ የፈጀው 2 ሰዓት ከ40። ለአቅራቢ መልስ የሚሆን ደብዳቤ፦ ግምት 15 ደቂቃ፣ የፈጀው 50። በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሩን ለማንም ማሳየት አፍሬ ነበር።

የማስታረቁን ጉዳይ ስመረምረው ማስታረቁ ራሱ በእርግጥም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የቀረውን ጊዜ የበላው በእቅዴ ውስጥ ስም ያልነበረው ነገር ነው፤ ያልተመነዘረው ቼክ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ፣ ከባንክ የመጣው መግለጫ ሁለተኛ ገጹ የት እንደገባ መፈለግ፣ ማኅተሙን የያዘችው ባልደረባ ከምሳ እስክትመለስ መጠበቅ። እነዚህ በየወሩ ይመጣሉ፤ እኔም በየወሩ ድንገተኛ አደጋ እያልኩ እጠራቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ «ስንት ሰዓት ይበቃዋል?» የሚለውን ጥያቄ ትቼ «ባለፈው ወር ስንት ፈጀ?» ብዬ ደብተሩን እገልጣለሁ። መዝገብ የሌለው ሰው ግን እስኪኖረው ድረስ ግምቱን በእጥፍ ቢወስድ ብዙም አይሳሳትም።

«ጥብቅ ፕሮግራም ማለት እያንዳንዷን ደቂቃ በሥራ መሙላት ነው»

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ ክፍተት የሌለው ፕሮግራም በወረቀት ላይ ሲያዩት ያስደስታል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የታክሲ ሰልፍ ያፈርሰዋል። በሐምሌ ዝናብ፣ መብራት በሚጠፋበት ቀን፣ ባንክ ቤት ገብቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ በሚመለሱበት ከተማ ውስጥ ሁለት ሥራዎችን ያለ ክፍተት አጣብቆ ማስቀመጥ የአንዱን መዘግየት ለቀጣዮቹ ሁሉ ማውረስ ነው። ጥብቅነት የሚታየው ክፍተቱን በመጠበቅ ላይ ነው። እኔ ከሥራ ቀኔ አንድ አራተኛውን ምንም ሳልጽፍበት እተወዋለሁ፤ «ባዶ ነው» ብሎ ሌላ ሥራ ሊጭንበት የሚመጣውንም ባልደረባ በአክብሮት እመልሰዋለሁ። ያ ጊዜ ባዶ ሆኖ የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

«ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ የሚሠራ ሰው ጊዜ ይቆጥባል»

ልብስ እያጠቡ ሬዲዮ መስማት ይቻላል፤ የእጅ ሥራው ሐሳብ አይጠይቅምና። ሁለቱም ሐሳብ የሚፈልጉ ከሆኑ ግን አእምሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል እንጂ ሁለቱንም አብሮ አይሠራም፤ ዝላዩም የራሱ ዋጋ አለው። የሠላሳ መስመር ወጪ እየደመርኩ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ቴሌግራም ቢጮኽ መልእክቱን ማንበብ ምናልባት አሥር ሰከንድ ይፈጅብኛል፤ ተመልሼ ግን የቱ ላይ እንደነበርኩ ስለማላምን ከአንደኛው መስመር እጀምራለሁ። የጠፋው አሥር ሰከንድ ብቻ የሚመስለኝ ዝላዩን የሚቆጥርልኝ ስለሌለ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ብዙ መገናኛዎችን ባንድ ጊዜ መከታተል የለመዱ ሰዎች የማይመለከታቸውን መረጃ ችላ በማለትም ሆነ ከሥራ ወደ ሥራ በመሸጋገር ካልለመዱት ይልቅ ደካማ ሆነው ተገኝተዋል። ልማዱ ክህሎት አልሆነላቸውም። ከዚህ የተነሣ ስልኬን በጠዋት ለአንድ ሰዓት ተኩል ድምፁን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ አጣዳፊ ጉዳይ ያለበት ሰው በቢሮው መስመር ያገኘኛል።

«ብዙ ሰዓት የሠራ ብዙ ይሠራል»

እስከ አንድ ልክ ድረስ እውነት ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያው ጆን ፔንካቬል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ የጥይት ፋብሪካዎች የነበሩ ሠራተኞችን መዝገብ መርምሮ እንዳሳየው፣ ምርት ከሰዓት ጋር እኩል የሚያድገው በሳምንት እስከ 49 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት የሚያስገኘው እየሳሳ ይሄዳል፤ በሳምንት 70 ሰዓት የተሠራበት ምርት 56 ሰዓት ከተሠራበት ብዙም አይለይም ነበር። እነዚያ ሠራተኞች አሥራ አራቱን ሰዓት በእግራቸው ቆመው በከንቱ አሳለፉት ማለት ነው። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራንም በቀን ከ4 በሳምንትም ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ሲወስን ሠራተኛውን ለመጠበቅ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ለአሠሪውም ሒሳብ ቢሆን ግን ልኩ መጥፎ አይደለም። በሰኔ መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የመዘገብኳቸውን ሰነዶች ሐምሌ ላይ ሳርም መክረሜን አልረሳውም።

«እንቅልፍ ብቀንስ ሰዓት አተርፋለሁ»

ይህ ከሁሉ የከፋው ግምት ነው፤ ምክንያቱም ተሳሳቹ ስህተቱን የሚመዝንበት መሣሪያ ራሱ ተበላሽቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ለ14 ቀናት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች እንዲተኙ የተደረጉ ሰዎች የትኩረት ድክመታቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ ካልተኛ ሰው ጋር የሚተካከል ሆኖ ተገኝቷል፤ እነሱ ግን ያን ያህል የደከሙ አይመስላቸውም ነበር።

«ሰዓቱን የሚያጠብቅ ሰው ከሰው ይቆራረጣል»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ራሳቸው የእድር አባላት ናቸው፤ እድር ደግሞ ከማውቃቸው ተቋማት ሁሉ በሰዓት ጥብቅ ነው። ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ይመዘገባል፣ ያረፈደም የቀረም በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይቀጣል። ዕቁብም ዕጣ የሚያወጣው ቀኑን ጠብቆ ነው። ማኅበራዊ ሕይወታችንን ያቆየው ይኸው ጥብቅነት ሆኖ ሳለ ጥብቅነት ከሰው ይለያል መባሉ ይገርመኛል።

ለቅሶ እርግጥ በቀጠሮ አይመጣም፤ ባዶ የተተወው አንድ አራተኛ ቀን ለእንዲህ ያለውም ይሆናል። ቡና ግን ይለካል። ጎረቤታችን እትዬ ዘንድ ቡና ስጠራ ሃያ ደቂቃ ገምቼ እገባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በዓይኔ ሰዓቴን እየሰረቅኩ እቁነጠነጣለሁ፣ እሳቸውም «አቦሉን ብቻ ጠጥተህ ልትሄድ ነው?» ብለው ይቀየሙኛል። በመጨረሻ እሱንም ደብተሩ ላይ አሰፈርኩት፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከቄጤማው እስከ ምርቃቱ 1 ሰዓት ከ20። አሁን ያ ጊዜ ያለኝ ቀን ብቻ እገባለሁ፤ ስገባም እስከ በረካው ሳልነሣ እቀመጣለሁ።

«ጥሩ መተግበሪያ ባገኝ ይስተካከልልኛል»

መተግበሪያ የተሳሳተውን ግምት በሚያምር ቀለም ያሳየናል እንጂ አያርመውም። ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለበት። የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነውና አቆጣጠሩ ክረምት ከበጋ ከፀሐይዋ ጋር ይስማማል። ስልኩ ግን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። አንድ ጊዜ ለ3 ሰዓቱ ስብሰባ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለመነሣት አስቤ፣ እንቅልፍ በተጫነው ዓይን 1፡00 ብዬ ሞላሁ፤ ስልኩም እንደታዘዘው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጮኸ። አጥፍቼው ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት የሚጮኽ ሌላ ነገር አልነበረም፤ ቢሮ ስደርስ 3 ሰዓት ከ25 ሆኗል፣ በሩም ተዘግቷል።